ዳር ዳር እያሉ ወደ ነፋስ

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። ከማስተምርባት ከመካነ ሰላም ቁልቁል ሲወረድ አባይ አለ፤ እሱም ገደል ውስጥ የሚያገሳ ውሃ ነው እንጂ ሸራ ወጥረው የሚንሸራሸሩበት አይደለም። ስለዚህ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ካነበብኩት ምንባብ ውስጥ «ታክ» የምትል ቃል ብቅ ስትል፣ እንዳላየሁ ሆኜ ላልፋት ነበር።

ተማሪዎቼ መች ያሳልፉኛል! ምንባቡ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሰውየው ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲነሳ ነፋሱ ከቤቱ በኩል ይነፍስበታል፤ እሱ ግን በሸራ ጀልባው «ታክ እያደረገ» በሰላም ገባ ይላል። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ነፋሱ ወደ ኋላ እየገፋው እንዴት ወደ ፊት ሄደ? ሞተር አለው?» ሞተር የለውም አልኳት። «ታዲያስ?» አለች። ታዲያማ እኔ ምን አውቄ! «ነገ እነግራችኋለሁ» ብዬ ደወሉ እስኪደወል ሌላ ነገር አጻፍኳቸው።

ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላቱን ስከፍት፣ በአንዲት ትንሽ ቃል ውስጥ ያ ሁሉ ትርጉም ተሰግስጎ አገኘሁት። ራሷ ጠፍጠፍ ያለች አጭር ሚስማር ታክ ነች። ልብስ ሰፊ ዋናውን ስፌት በመኪና ከመምታቱ በፊት ጨርቁን በእጁ ሰፋ ሰፋ አድርጎ የሚያያይዝበት፣ ኋላ የሚተረትረው ስፌትም ታክ ነው። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡ በጅምላ እንዲሁ ይባላል፤ ይቺን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ምክንያቱም አባቴ ከላላ በሚባለው ወረዳችን ውስጥ የታወቀ የበቅሎ ነጋዴ ነው፣ እኔም ያደግሁት ኮርቻ ተደግፌ ነው። የድሮ መርከበኞች የሚይዙት ጥርስ የሚሰብር ደረቅ ስንቅ እንኳ ይቺን ስም ይጋራል። የባሕሩ ትርጉም ግን ከሁሉም በለጠብኝ። መርከብ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣበት ቀጥ ብሎ አይገጥመውም፤ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሰያፍ እየሄደና እየታጠፈ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይደርሳል። ከዚያው ተነሥተው እንግሊዞቹ አንድ መንገድ አልሆን ብሎት በሌላ መንገድ ለሚሞክር ሰውም ያቺኑ ቃል ይሰጡታል።

እኛ ዳር ዳር ማለት የምንለው ዓይነት ነገር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን የልጅቱን ጥያቄ አልመለሰም። እንዴት ነው የሚገፋ ነገር ወደ ገፊው የሚሄደው? እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ሲያድር እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም።

በማግስቱ የፊዚክሱን አስተማሪ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያዝኩት። የመካነ ሰላም ልጅ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ አጎቱ ናቸው ያሳደጉት። እጅጌው ላይ ጠመኔ የማይጠፋ ዝምተኛ ሰው ነው፤ እስከዚያን ቀን ከ«እንዴት አደርሽ» ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። ጥያቄውን አቀረብኩለት። ቀና ብሎ አየኝና «የማዳበሪያ ከረጢት ታገኚያለሽ?» አለኝ። ነካ ያደርገዋል እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ፤ ከረጢቱን ግን አመጣሁለት።

በሳምንቱ ማለቂያ ላይ፣ ልጆች ቁልቁለት ላይ የሚነዱትን ዓይነት የኩሽኔታ ጋሪ ይዞ መጣ። መሐሉ ላይ እንጨት አቁሞ የኔን ከረጢት ወጥሮበታል። ክፍሌን በሙሉ ይዤ የመረብ ኳስ መጫወቻው ሲሚንቶ ላይ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ከአባይ በኩል የሚመጣውን የኛን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነጠላ ቀምቶ ይሄዳል። ጋሪውን መጀመሪያ ነፋሱ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ አቆመው። ጋሪው ወደ ኋላው ተንከባለለ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ አልሳቀም። ሸራውን አጠበቀና ጋሪውን ሰያፍ አዞረው፤ ተገለበጠ። ድንጋይ ጫነበትና ለቀቀው።

ሄደ! ወደ ነፋሱ ሄደ! ነጠላዬ ወደ ኋላ እየተርገበገበ፣ ጋሪው እየተንቋቋ ወደ ፊት ሄደ። ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሮጦ አዞረው፤ በሌላው ጎን ሰያፍ ሄደ፤ እንደገና አዞረው። እንዲህ እየተጠማዘዘ ከነፋሱ አቅጣጫ ካለው የመረቡ ቋሚ ጋር ሄዶ ተላተመ። «ነፋሱ ሸራውን ወደ ጎን ይገፋዋል» አለ እያለከለከ፣ «ኩሽኔታው ግን ወደ ጎን መሄድ አይችልም። መሸሻ ሲያጣ ወደ ፊት ያመልጣል። ጀልባም ከሥሯ ውሃውን የሚቆርጥ ስለት አላት፤ ወደ ጎን አያስኬዳትም።» ልጆቹ ጮኹ። እኔ ከልጆቹ በላይ ጮህኩ፤ ርዕሰ መምህሩ ምን ተፈጠረ ብለው ከቢሯቸው ወጡ። እሱ ላቡን በእጅጌው ሲጠርግ ግንባሩ በጠመኔ ነጣ፤ ያኔ፣ እዚያው ሲሚንቶ ላይ ቆሜ፣ ይህን ሰው አገባዋለሁ አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት፤ ግን እንዲሁ ጥርት ብሎ ነው የመጣልኝ።

ዓመት ሳይሞላ እሱም ተመሳሳይ ነገር እንደሚያስብ ታወቀ። ሁለታችን ብንስማማ ግን ምን ዋጋ አለው፤ አባቴ እሺ ሳይል አላገባም። ማንም አላስገደደኝም፤ ራሴ አልፈልግም። ያሳደገኝ ሰው ፊቱን አዙሮ እኔ ሙሽራ ሆኜ ልስቅ? አይሆንልኝም።

አባቴን መላ ከላላ ያውቀዋል። ገበያ ውስጥ «በቅሎዋ ይቺ ናት፣ ዋጋዋ ይኸ ነው፣ ትፈልጋለህ አትፈልግም?» ብሎ ዝም ነው። ሁለተኛ ዋጋ አይጠራም፤ ገዥው ጥርሷን ቢያይ፣ ጀርባዋን ቢዳስስ፣ ሄዶ ቢመለስ ቃሉ ያው ነው። ነገር የሚያዞር ሰው ሲመጣበት «ወደ ነገርህ ግባ» ይላል፤ የገዛ ወንድሙን እንኳ እንዲሁ ብሎት ያውቃል።

ስለዚህ የፊዚክሱ መምህር አጎት ሽማግሌዎች ሰብስበው ሲመክሩ፣ ለዚህ ሰው ነገር ማዞር አያስፈልግም፣ ቀጥ ብለን እንንገረው ተባባሉ። እኔም ስሰማ ልክ ነው ያልኩት። በኛ አገር ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። እነሱም በማለዳ የአባቴ በር ላይ ደርሰው፣ ቆመው፣ «ልጅዎን ለልጃችን ስጡን» አሉ፤ በአንድ ትንፋሽ። አባቴ አንድ በአንድ አያቸውና «በቅሎ ልትገዙ ነው የመጣችሁት? ገበያው ዛሬ አይደለም» ብሎ ወደ ጋጣው ሄደ።

ይህን የነገረችኝ እናቴ ነች፤ ጓዳ ገብታ በስልክ እያንሾካሾከች። «መለሳቸው ልጄ፣ ውሃ እንኳ ሳያስቀምስ መለሳቸው» አለችኝ። የፊዚክሱ መምህር ዜናውን ከአጎቱ ሰምቶ ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። «ቀጥ ብለን ገጠምነው» አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔ ግን ስንት ጨመርኩ! ራሱ ቀጥተኛ ሆኖ ሰው ቀጥ ሲልለት የሚቀየም አባት የትኛው አገር ነው ያለው እያልኩ ለግድግዳው ስነግር አመሸሁ።

ቅዳሜ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገብቼ ከላላ ወረድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳደራጅ ነበር። ግቢ ስገባ አባቴ ቁጢጥ ብሎ ኮርቻ ጮማ ይቀባል። «መጣሽ?» አለኝ። «መጣሁ አባባ» አልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ዋጥኩት። ነፋሱ ከፊት ነው፤ ዛሬ ቀጥ ብዬ ብሄድ ወደ ኋላ ነው የምንከባለለው ብዬ፣ አጠገቡ ተቀምጬ የኮርቻውን ማሰሪያ ያዝኩለት። ስለሚያስላት ቡላ በቅሎ ጠየቅሁት። ስለ ገብሱ ጠየቅሁት። ስለ ጎረቤት የአጥር ክርክር ጠየቅሁት። ትዕግሥት ሳይፈጠርብኝ ትዕግሥተኛ መምሰል እንዴት እንደሚያደክም!

አባቴ ራሱ ጀመረው። «እናትሽን ሳስጠይቅ» አለ ቀና ሳይል፣ «አያትሽ መጀመሪያ ልጅ የለኝም አሉ። እናትሽ ከኋላቸው እንስራ አዝላ እያለፈች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ውሻ ለቀቁባቸው። ደግሞ ሄዱ፤ ዘራችሁን ቁጠሩ ተባሉ። ቆጠሩ። አልሰማሁም ድገሙት አሉ። ክረምቱ በዚሁ አለቀ።»

«አልተናደዱም አባባ?»

«ምን ያናድደኛል! ይህን ያህል የሚለፋላትን ሴት ነው የማገባው ብዬ ኮራሁ እንጂ።» ማሰሪያውን ከእጄ ወስዶ ጠበቅ አደረገው። «በቅሎ በአንድ ቃል ትሸጣለች። ልጅ ግን…» አለና ተወው። ከዚያ ጮማው አልቋል፣ ሌላ አምጪልኝ አለኝ።

ጮማውን ሰጥቼው፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ አጥሩ ጥግ በረርኩ። «አልጠላህም!» አልኩት ስልኩ እንደተነሳ። «ሰምተኸኛል? ሰውየው አልጠላህም! እንድትለፉ ነው የፈለገው! ዙሩ፣ ዳር ዳር በሉ!»  እየሳቀ «ሸሁን እጠይቃለሁ» አለኝ።

ሸሁ መካነ ሰላም ውስጥ የአጎቱ ጎረቤት ናቸው፤ ጨዋታቸው የታወቀ፣ ለቅሶ ቤት ሰው የሚያስቁ ሽማግሌ። በኛ አገር የክርስቲያን ልጅ ስትጠየቅ ሸህ መኖራቸው፣ የእስላም ልጅ ስትጠየቅ ቄስ መኖራቸው ብርቅ አይደለም። ሸሁ፣ አንድ ቄስና አጎትየው ሆነው በሚቀጥለው አርብ ማታ ከላላ ገቡና ዘመድ ቤት አደሩ፤ እኔም ያን ዕለት ወላጆቼ ቤት ገባሁ። እናቴ ወሬውን ሰምታ፣ ቢቀምሱም ባይቀምሱም ብላ፣ የሸሁን ምግብ ሙስሊም ጎረቤታችን እንድትሠራ ለምናለች።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ምንም አልሰማሁም ይላል፤ ግን ንጹሕ ጋቢ ለብሷል፣ ግቢውንም ሁለቴ አስጠርጓል። ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተቀመጠ። እኔና እናቴ ጓዳ፣ መጋረጃው ኋላ ነን።

«አሰላሙ አለይኩም! እንዴት ከረማችሁ? ዱንያው እንዴት ይዟችኋል?» አሉ ሸሁ ከበሩ።

«አለይኩም ሰላም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ አባቴ። ከዚያ አገጩን ቀና አደረገ፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» እስኪሉት ይጠብቃል።

ሸሁ ተቀመጡ። እግራቸውን አጣጥፈው፣ ድሎት በድሎት ሆነው ተቀመጡ! ቄሱም ተከተሉ፤ አጎትየውም። እናቴ ክንዴን ጨመደደችው። አባቴ አገጩን ወደ ቦታው መለሰ።

ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ መንገዱ ተወራ። ሸሁ ስለታመመችባቸው በቅሎ አማከሩት፤ አባቴም ሳያስበው ሞቅ ብሎ ያስረዳ ጀመር። ከበቅሎ ወደ ድሮ በቅሎ፣ ከድሮ በቅሎ ወደ ድሮ ሰው ሄዱ፤ የሸሁ አያትና የአባቴ አያት በአንድ የበቅሎ ጉዞ ጨው ተካፍለው እንደነበር ተደረሰበት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ መጋረጃው ኋላ አንድ ቃል፣ አንዲት «ልጅ» የምትል ቃል ስጠብቅ ቆየሁ። ምግብ ሲቀርብ አባቴ «በሉ ቅመሱ» ብሎ በጎን ተመለከታቸው። አሁንስ እንቢ ይላሉ ስል ሸሁ «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

«በሉ'ኮ!» አለች እናቴ ጉንጯን ይዛ። «በሉ! እንዲሁ ለጨዋታ ነው የመጡት!»

በልተው ሲያበቁ ዱዓ ተደረገ። ሸሁ ለቤቱ፣ ለከብቱ፣ ለበቅሎዎቹ፣ ለዝናቡ፣ ለጎረቤቱ ለመኑ፤ አባቴ ጋቢው ውስጥ ሆኖ አሚን አለ፤ እኔም አሚን አሚን እያልኩ አሁን ይጠሩኛል ስል አልጠሩኝም። ተነሥተው ጫማቸውን አደረጉ። «አላህ ይስጥልን፣ ጠግበን ተጫውተን ዋልን» አሉና ወጡ።  ልጁ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆን? ፈርቶ ይሆን? በመስኮቷ ቀዳዳ ሳይ አባቴ ሊሸኛቸው ተከትሏቸዋል፤ በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። አጥሩ በር ላይ ደረሱ። ሸሁ አንድ እግራቸውን አወጡ።

«ሸሁ!» አለ አባቴ። «የመጣችሁበትን ሳትነግሩኝ ልትሄዱ ነው?»

«ወላሂ ጨዋታዎ ጣመኝና!» ሸሁ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ምን ነበር የመጣንበት?»

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እኔ እንጃ፣ መንገዱን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

«የልጄን ነገር ነዋ!» ብሎ ጮኸ አባቴ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። «የልጄን ነገር አይደለም እንዴ!»

ሸሁ ያወጡትን እግር ወደ ግቢው መለሱ። «እንግዲህ እርስዎ ካነሱትማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም።» ሦስቱም ግቢው መሐል ተደርድረው ቆሙ። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች፤ እኔ ግን ገና መሳቅ አልቻልኩም።

ያኔ ሸሁ ስለ እኔ መናገር ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ከሩቅ ጀምረው። «የልጅ ልጄ እሷ ዘንድ ነው የምትማር» አሉ። «ማታ ቤት ገብታ እንደ አስተማሪዋ ትራመዳለች፣ እንደ አስተማሪዋ እጇን ታወናጭፋለች፤ ያላወቀችውን ነገር ደግሞ ነገ አጣርቼ እነግራችኋለሁ ትለናለች። ማን አሳደጋት ብዬ ጠየቅሁ፤ እርስዎን አሉኝ።» ብዙ አሉ። አባቴ መሬቱን በበትሩ እየጫረ ሰማ። አንዴም ወደ ነገርህ ግባ አላለም።

ሲጨርሱ ወደ ቤቱ ዞሮ ጠራኝ። ወጣሁ።  ሁሉም ያዩኛል።

«ትፈልጊዋለሽ?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሽማግሌ ፊት አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም መልሱ የታወቀ ነው፤ ልጅት አንገቷን ትደፋና «አባቴ እንዳሉ» ትላለች። እኔም አንገቴን ደፋሁ። «እንግዲህ አባባ፣ እርስዎ ያሉትን…»

«አይ!» አለ። «እኔ ያልኩትን አይደለም የጠየቅሁሽ።» ድምፁ የገበያው ድምፅ ነው። «ትፈልጊዋለሽ፣ አትፈልጊውም?»

ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት።

«እፈልገዋለሁ» አልኩ።

ቄሱ ሳሉ። አጎትየው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ሸሁ «ማሻአላህ!» ብለው በሳቅ ተንከተከቱ። አባቴ ብቻ አልሳቀም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና በበትሩ ወደ እኔ አመለከተ።

«ሰማችኋት? የኔ ናት» አለ። ከዚያ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና፣ በዚያው ትንፋሽ፣ «ውሰዷት» አለ።